ያልነጣው ፎቶ

ባለፈው ሳምንት አዳማ የወረድኩት ለዘገባ አልነበረም። የመምህሬ የዶክተር ሁንዴ ሙት ዓመት ነበር። ባጃጁ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቤታቸው በሚያስገባው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ሲታጠፍ ሞቅ ያለ ነፋስ ፊቴን መታኝ፤ በውስጡም የሞላሰስ ሽታ ያለበት መሰለኝ። ነፋሱ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ በኩል ይምጣ ከሌላ አላጣራሁም። ዕድሜዬን በሙሉ ያላጣራሁትን ላለመጻፍ ስሞክር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሽታን ግን እንዴት አድርገው ያጣሩታል? ሞላሰስ ከሸተተኝ ከተማዋ ናዝሬት ናት፣ እኔም ተማሪ ነኝ።

ያኔ አዳማን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ዩኒቨርሲቲም እንደ ዛሬው በየከተማው አልነበረም። የእኛ የጤና ክፍል ከዋናው ግቢ ተነጥሎ እዚያ ከተማው ዳር፣ ቆርቆሮ በለበሱ ረጃጅም ቤቶች ውስጥ ነበር። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል የሚያሰማው ጠቅታ ከአስተማሪው ድምፅ እኩል ይሰማል። ሱሪያችን ከታች ሰፍቶ መሬት ይጠርጋል፣ የሸሚዛችን ኮሌታ ጆሮአችን ሊደርስ ምንም አይቀረው፣ ጸጉራችን የጎፈረ ነው። ከግቢው በር እስከ መናኸሪያ በጋሪ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ስኳር የተነሰነሰበት ቦንቦሊኖ አሥራ አምስት። ፖስታ ቤቱ አጠገብ ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ቀኑን ሙሉ አንድ ካሴት ያዞራል፤ ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሶቻቸው ሳይቀሩ ዘፈኑን እንዳወቁት ይምሉ ነበር። ዛሬ በዚያ ቦታ ባንክ ቆሟል። ጥበቃውን ስለ ሙዚቃ ቤቱ ጠየቅሁት፤ ፊቴን አየና «ጋሼ፣ የቱ ሙዚቃ ቤት?» አለኝ።

የሰው አካል እንዴት እንደሚሠራ ጠዋት እንማራለን፤ መድኃኒት ያንን ሥራ እንዴት እንደሚለውጠው ከሰዓት። ልብ ለምን እንደሚመታ ቁርስ በልተን እንሰማለን፣ ምቱን የሚያቀዘቅዘውን መድኃኒት ከምሳ በኋላ በእንቅልፍ ዓይን እናጠናለን። ከማል የሚባል ቀልደኛ ጓደኛችን የመድኃኒቶቹን ስም በሠርግ ዘፈን ዜማ ሰካክቶ አስጠንቶን ስለነበር፣ ዛሬም ሠርግ ቤት ተቀምጬ ጭብጨባው ሲሞቅ በአፌ የሚመጣው የደም ግፊት መድኃኒት ስም ነው። ትምህርቱን ጨርሼ ለጥቂት ጊዜ መተሐራ ሠርቼበታለሁ። ኋላ ለጋዜጣ መጻፍ ጀመርኩ፣ በዚያው ቀረሁ። የማስታውሰው ግን ከሠራሁበት ይልቅ የተማርኩትን ነው፤ ከትምህርቱም ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው አየለችን ነው።

አየለች ላምቦሬ የወንጂ ልጅ ነበረች። አባቷ ከከምባታ መጥተው ሸንኮራ ሲቆርጡ ነው የኖሩት፤ እሷም የተወለደችው ሠራተኞቹ ከሚኖሩበት ካምፕ ነው። በተግባር ትምህርት ሁለት ሁለት ሆነን ስንመደብ እሷ ለእኔ ደረሰችኝ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ያነበበችው የማይጠፋት ልጅ ነበረች። ስትስቅ መዳፏ ከሳቋ ቀድሞ አፏ ላይ ይደርሳል። ስትናገርም ቢሆን ከንፈሯን እምብዛም አትከፍትም፤ የጋዎኗን ኮሌታ ወደ ላይ ስባ ከጀርባው ሆና ነው የምታወራው።

ምክንያቱን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ወንጂና መተሐራ፣ ከናዝሬትም አንዳንድ ሰፈር፣ ወደ ዝዋይም ወረድ ብሎ፣ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ይሆናል። አንዳንዱ ነጠብጣብ ነው፣ አንዳንዱ ዝገት የነካው ብረት ይመስላል። የማያውቅ መንገደኛ ግን የራሱን ፍርድ ይሰጣል፤ ባለጌው «ትቅማለች» ይላል፣ ጨዋው «ምናለ ብትፋቅ» ይላል። እኔ የሁሩታ ልጅ ነኝ። የእኛ ውሃ ከአርሲ ተራራ የሚወርድ ምንጭ ነው፤ ጥርሴ የነጣው ያለ አንዳች ልፋት ነው።

የፊዚዮሎጂም የፋርማኮሎጂም መምህራችን ዶክተር ሁንዴ ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ የላይኛውን ከንፈራቸውን ጥቅጥቅ ያለ ጺም የሸፈነው ሰው ነበሩ። ሲያስተምሩ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞረው ነው። ይጽፋሉ፣ ይናገራሉ፣ ይጠይቃሉ፣ መልሱንም የሚሰሙት ለእኛ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። ሲስቁ ያየ የለም። «ጀርባው» ብለን ስም አወጣንላቸው። ከማል «ዶክተሩን በፊት ለፊት ባገኛቸው አላውቃቸውም፤ በጀርባ ግን ከሺህ ሰው መሃል እለያቸዋለሁ» ይል ነበር። ንቀውን ነው ብለን ደምድመን ነበር። እንዴት አይንቁን፣ እሳቸው ውጭ አገር የተማሩ፣ እኛ ገና የልብን ቀኝና ግራ የምናምታታ።

አንድ ቀን የተግባር ትምህርቱ ስለ ምራቅ ሆነ። እያንዳንዱ ተማሪ ሎሚ ይልሳል፣ አፉን ከፍቶ የመጣለትን ምራቅ በብርጭቆ ቱቦ ያጠራቅማል፣ ጓደኛው ልኩን ይመዘግባል። አየለች ቱቦውን ወደ እኔ ገፋችው።

«አንተ የሁሩታ ልጅ፣ አንተ ትፋ፤ እኔ እጽፋለሁ።»

«ያንቺስ?»

«ያንተ ለሁለታችንም ይበቃል። ወሬኛ አይደለህ፤ ምራቅ አያልቅብህም።»

ለሁለታችንም ተፋሁ፤ በሁለታችንም ስም አንድ ልክ ተመዘገበ። ዶክተር ሁንዴ የሁሉንም ውጤት ሰሌዳው ላይ እየገለበጡ ሳሉ እኛ ዘንድ ሲደርሱ ጠመኔው ቆመ። ሳይዞሩ «እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ አፍ ነው ያላቸው?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ለቃል ፈተናው ሁለት አፍ ይዛችሁ ኑ» አሉና መጻፋቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለታችንም ስም «አንድ አፍ» ሆነ። ከማል ከሩቅ ሲያየን «አንድ አፍ መጣ!» ይላል፤ እሷም አፏን ሸፍና ትስቃለች። እኔ በስሙ ደስ ይለኝ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም።

ብዙም ሳይቆይ ስለ አጥንትና ጥርስ ተማርን። «የጥርስ የላይኛው ልባስ አንዴ ከተሠራ በኋላ ራሱን አያድስም» አሉ ዶክተሩ ለሰሌዳው። «ልጁ ገና ጥርሱ ድድ ውስጥ ሳለ የጠጣው ውሃ ፍሎራይድ ከበዛበት ልባሱ ተበላሽቶ ይሠራል። ያንን ውሃ እስከ መቃብር ይዞት ይሄዳል። በከሰል አይለቅም፣ በሎሚ አይለቅም፣ በአሸዋ አይለቅም።» ጠመኔውን አስቀምጠው ከደወሉ በፊት ወጡ።

አየለች ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። አጠገቧ ስቀመጥ ድዷ አብጦ ከንፈሯን ወደ ላይ ገፍቶት አየሁ።

«በሎሚም አይለቅም አሉ አይደል?» አለችኝ።

«አይለቅም አሉ።»

«በጨውና በሎሚ ስፈገፍገው ነው የከረምኩት። ቤት ደግሞ እማዬ በአሸዋ ነበር የምትፈገፍገኝ። ቆሻሻ መስሏት እኮ ነው። እኔም እስካሁን ቆሻሻ ነበር የሚመስለኝ።» ቀጥላም «የእማዬም እኮ እንደኔ ነው፤ እሷ ግን ከጭስ ያገኘሁት ነው ትላለች» አለች። እውነቱ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ቀስ ብላ እየተነፈሰች ነበር፣ ለረጅም ጊዜ የተሸከመችውን ነገር መሬት እንዳስቀመጠች ሰው።

መዳፏ ግን ከአፏ አልወረደም። ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ልማድ ሌላ።

የቃል ፈተናው ቀን የገባነው አብረን ነው፣ እንደ ተግባር ትምህርቱ ሁለት ሁለት ሆነን። ዶክተር ሁንዴ መስኮቱ ዘንድ ቆመው ወደ ውጭ እያዩ ይጠይቃሉ። እኔ እየተንተባተብኩ አለፍኩ። አየለች ሁሉንም ታውቀው ነበር፤ አጠገቧ ስለነበርኩ መልሱን እሰማዋለሁ። መልሱ ግን ከመዳፏ አያልፍም። «አልሰማሁም» አሉ ዶክተሩ። ደገመችው። «አልሰማሁም።» በመጨረሻ «ድጋሚ ትፈተኛለሽ» አሏት፣ አሁንም መስኮቱን እያዩ። የዚያን ጊዜ ደንብ የታወቀ ነበር። ድጋሚውን የወደቀ ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ነው።

አባቷ አቶ ላምቦሬ ለካምፑ ሰው ሁሉ «ልጄ ነጭ ጋዎን ለብሳ ትመጣና የሁላችሁንም ወገብ ታያለች» እያሉ ነበር። የእሳቸውም ወገብ ነበር እንደልብ አልታጠፍ ያለው። አየለች ስለ ራሷ ስታዝን አላየሁም፤ ይህን የአባቷን ንግግር ስታነሳ ግን ድምፅዋ ይቀየራል። አንድ ቀን ከግቢው ኋላ ካለው ቁንዶ በርበሬ ዛፍ ሥር ስንለማመድ የነገረችኝ ነገር ከዚያ ሁሉ የባሰ አሳሰበኝ።

«ብባረር ምን እንደማስብ ታውቃለህ? እፎይ የምልም ይመስለኛል። ካምፕ ውስጥ ጥርሴን የሚያየኝ የለም፤ ሁላችንም አንድ ነን።»

«አባትሽስ?»

ወደ ግንዱ ዞራ የነርቮቹን ሥራ ከላይ እስከ ታች አንዲት ሳታስቀር ተወጣችው። ከማል ዳቦ እየገመጠ ቆሞ ሲሰማ ቆየና «ዛፉ አልፏል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ» አላት። ሳቀች፤ መዳፏም እንደ ልማዱ ቀድሞ ደረሰ።

ለድጋሚው ፈተናም እንድገባ ተጠራሁ፤ «አንድ አፍ ናቸው፣ አብረው ይምጡ» ብለዋል ተባልኩ። ቀኑ ሞቃት ነበር፣ ቆርቆሮው ጠቅ ጠቅ ይላል። ዶክተር ሁንዴ እንደወትሮው መስኮቱ ዘንድ ነበሩ።

«እጆችሽን ጠረጴዛው ላይ አድርጊ» አሏት።

አደረገች። ከንፈሯን ግን ገጠመች። ምራቅን የሚያዝዘው ነርቭ የቱ እንደሆነ ጠየቋት። አንድ የማይሰማ ነገር አለች። ጣቶቿ ጠረጴዛውን ለቀው ወደ ላይ መነሳት ሲጀምሩ አየሁ። የእኔም አፍ ደረቀ።

ያኔ ዶክተር ሁንዴ ከመስኮቱ ዞሩ። ወንበር ስበው ከፊት ለፊቷ፣ ጉልበታቸው ጠረጴዛውን እስኪነካ ቀርበው ተቀመጡ። ፊታቸውን ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ በቅርብ አይቼው አላውቅም። በሁለት ጣታቸው ጺማቸውን ወደ ላይ ገፉና ከንፈራቸውን ገለጡ።

«እዪ» አሏት።

ጥርሳቸው ከእሷ የባሰ ነበር። ጥቁር ቡናማ፣ እዚህም እዚያም የተቦረቦረ፣ በመሃሉ ጠመኔ የሚመስል መስመር ያለበት። ለመማር ውጭ አገር የሄዱት፣ የምንፈራቸው ዶክተር ሁንዴ ጺማቸውን እንደ መጋረጃ ይዘው ተቀምጠዋል።

«የቡልቡላ ውሃ ነው» አሉ። «ያንቺስ?»

«የወንጂ» አለች አየለች። ድምፅዋ ጠርቶ ወጣ።

«ጋሪዳ።» በኦሮምኛ መልካም ሲሉ ነው። «አፍሽ ደርቋል?»

«ደርቋል።»

«ለምን?»

«ፈርቼ ነው። ሰው ሲፈራ ምራቅን የሚያመነጨው ነርቭ ይዳከማል።»

«የማልፈራ ብሆንና አትሮፒን ብትሰጪኝስ?»

«ያው ይደርቃል። አትሮፒን የዚያን ነርቭ ትእዛዝ እጢው እንዳይቀበል ይዘጋዋል። የዓይንዎ ብሌንም ይሰፋል፣ ልብዎም ይፈጥናል...» እያለች ቀጠለች። አላቆመችም። የጨጓራውን፣ የአንጀቱን፣ የፊኛውን ሳይቀር ተወጣችው። እጆቿ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ዶክተሩ ጺማቸውን ለቀው ያዳምጡ ነበር፣ ፊት ለፊት።

ስንወጣ በሩ ላይ አስቆሟት። «ባለፈው ሰምቼሽ ነበር» አሏት። «ግን እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ለሰሌዳ ሳስተምር ኖርኩ፤ ሰሌዳ ስለማይታመም ችግር የለውም። አንቺ በሽተኛውን ጀርባ ሰጥተሽ ወይም አፍሽን ይዘሽ ‹የት ነው ያመመህ?› ልትዪው አትችዪም። እኔ ያልቻልኩትን ነው ያስገደድኩሽ፤ ብትቀየሚኝ አልፈርድብሽም።»

«አልቀየምዎትም» አለች።

በሚቀጥለው ትምህርት ዶክተር ሁንዴ ወደ እኛ ዞረው ጀመሩ። የከማል እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ። ጥቂት ቆይተው ግን ቀስ በቀስ ወደ ሰሌዳው ተመለሱ። እንዲህ እየዞሩ፣ እየተመለሱ ዓመቱ አለቀ። ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም፤ ለወሬ ማሳመሪያ ተለወጡ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል።

የተመረቅን ቀን ፎቶ ቤት ሄድን። በዚያን ጊዜ የናዝሬት ፎቶ አንሺ ሁሉ አንድ ልማድ ነበረው። ፊልሙ ላይ፣ ልክ ጥርሱ ያለበት ቦታ፣ በተቀረጸ እርሳስ በጥንቃቄ ይቀባል፤ ፊልም ላይ የጠቆረው ወረቀት ላይ ስለሚነጣ፣ ፎቶው ሲታተም ጥርሱ በረዶ መስሎ ይወጣል። ማንም አይጠይቃቸውም፣ ተጨማሪም አያስከፍሉም፣ እንደ ወግ ነበር። በዚያ ዘመን የከተማውን የሠርግ አልበሞች ያየ ሰው የወንጂና የናዝሬት ሕዝብ ወተት ውስጥ ያደገ ይመስለዋል።

አየለችና ዶክተር ሁንዴ ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆሙ። ሁለቱም ከንፈራቸውን ገጥመዋል። እኔና ከማል ከፎቶ አንሺው ጀርባ ሆነን ለማሳቅ ብንሞክርም አልሆነም። ያመጣን ጋሪ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ድንገት ፈረሱ የበሩን ጨርቅ በአፍንጫው ገፍቶ ጭንቅላቱን አስገባና ጥርሱን ገልጦ አሽካካ። ከማል «እሱም ሊነሳ ነው፤ የእሱንም ያነጡለታል?» አለ። ዶክተር ሁንዴ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ጺማቸው ተከፍሎ ሳቁ። አየለችም ሳቀች፣ እጇ የዶክተሩን ክንድ እንደያዘ። ፎቶ አንሺው ያኔ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነው።

ፎቶውን ልንወስድ ስንሄድ የሁለቱም ጥርስ ነጭ በነጭ ሆኖ ጠበቀን። ዶክተሩ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉ። አየለች ፎቶውን ባንኮኒው ላይ መለሰችው።

«ጋሼ፣ የኛን ይመልሱልን።»

«የእናንተው ነው እንጂ! አሳምሬ ነው የሠራሁት፣ ሂሳብም አልጨመርኩም።»

«አምሯል። እኛ ግን አይደለንም።»

ሰውየው እያጉረመረመ እርሳሱን ከፊልሙ ላይ በጥጥ ጠርጎ አንድ ብቻ አተመ፤ ሌላ ወረቀት አላባክንም አለ። አየለች ለዶክተሩ ዘረጋችላቸው። «አንቺ ያዢው» አሏት። «እኔ ቤት መስታወት አለ።»

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ከኋላዬ «አንድ አፍ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ጸጉሯ የነጣ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ የጣለች ሴት ናት። አየለች ከአርሲ ነገሌ በሚኒባስ መጥታ ነበር። እዚያ ጤና ጣቢያ ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጥታለች፣ እዚያው አግብታ ልጆች አሳድጋለች። እኔም አግብቻለሁ፣ አሳድጌአለሁ። ሁለታችንም ስለዚያ ብዙ አላወራንም። አጠገቧ መቀመጥ እንደ ድሮው ቀላል ነበር።

በመካከል ጠረጴዛ ላይ የዶክተሩ ፎቶ በፍሬም ተቀምጧል፤ ከንፈራቸው ገጥሟል፣ በጺማቸውም ተጋርዷል። ልጃቸው ሌሊሴ ልትቀበለን መጣችና የእሳቸው ተማሪዎች መሆናችንን ስትሰማ ቁጭ አለች።

«አባዬ የሳቀበት ፎቶ ያለው ሰው አጣሁ» አለች። «ዓመቱን ሙሉ ዘመዱን ሁሉ ጠየቅሁ። ልጆቼ ‹አያቴ ኮስታራ ነበር?› ይሉኛል። ቤት እኮ ይስቅ ነበር፣ ካሜራ ሲያይ ነው እንዲህ የሚሆነው።»

አየለች ቦርሳዋን ከፈተች። በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ ቅዱስ አወጣች፣ ከውስጡም ጠርዙ የተበላ ፎቶ። ለቤተሰቡ ልትሰጥ አምጥታው ኖሯል።

ሌሊሴ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶታል፤ ጥርሷ ነጭ ነበር፣ እንደ ሁሩታ ልጅ ጥርስ።

«ልጅ ሆነን» አለች «ጎረቤት ቤት ውሃ እንዳንጠጣ ይከለክለን ነበር። ለእኛ የሚጠጣው ከአሰላ በጄሪካን፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ነበር የሚመጣው። አድገን ጥርሳችን በቅሎ እስኪያልቅ ድረስ። ጓደኞቼ ‹ኩሩዎች› ይሉን ነበር፤ እኔም የሰው ቤት ውሃ የሚንቅ ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱን አልነገረንም።»

ተነስታ ሄዳ ከጠረጴዛው ላይ ፍሬሙን አነሳች፣ ጀርባውን ፈታች፣ ኮስታራውን ፎቶ አውጥታ ያኛውን አስገባች። ከቡልቡላ የመጡት የዶክተሩ ታላቅ እህት አዴ ብርቄ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉ። ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት።

«አሁን ገና ሁንዴ መጣ» አሉ።

አየለች ሳቀች። ወደ እጆቿ አየሁ። ሁለቱም ጭኖቿ ላይ ነበሩ።